የኋላው ወለል

የወንድሜ መኪና በዕድሜ ከእኔ ጥቂት ብቻ ታንሳለች። ነጭ ነበረች ይባላል፤ እኔ ሳውቃት ግን የደብረ ታቦር ጭቃና አቧራ ተፈራርቀውባት የተልባ ቀለም ይዛ ነበር። ባለፈው ዓመት ለቦሎ ስትቀርብ መርማሪው ዞሯት፣ ጎንበስ ብሎም ከሥር አያትና አሳለፋት። ልንሄድ ስንል ግን ወንድሜን ጠራው።

«አባት፣ ዝገት እየበላት ነው። በሚመጣው ዓመት እንዲህ ሆና ብትመጣ አላሳልፋትም።»

ዓመቱ ሮጠና ለምርመራው ሁለት ሳምንት ቀረ። ቦሎ የሌላት መኪና መንገድ አትወጣም። እሷ ካልወጣች ደግሞ እናታችን ከጉና ሥር ካለው ቤቷ ወርዳ ሐኪም የሚያያትና የደም ግፊት መድኃኒቷን የምትወስድበት መንገድ የለም። ሚኒባሱ ዋናውን መንገድ ለቆ አይገባም፤ በቅሎ እንዳትቀመጥ ጉልበቷ እምቢ ብሏል። በየወሩ ደጇ ድረስ ሄዶ የሚያመጣት ወንድሜ ነው።

የጋራዥ ሰዎች ምክራቸው አንድ ነበር፤ ስቱኮ ሙላባት፣ ቀለም ቀባ፣ ማን ገልጦ ያያል። ወንድሜም ወደዚያው አዘንብሎ ነበር።

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» አልኩት።

«እሱ ለሰው ነው፣ እታለም።»

«ዝገትስ በሽታ አይደለም?»

ስቱኮውን ተወው። በማግሥቱ መኪናዋን ግቢያችን አስገብቶ በክሪክ አነሳትና ከሥሯ ግንድ ደገፈላት።

እሱ መዶሻውን ያዘ፤ እኔ የብረት ብሩሹንና ብርጭቆ ወረቀቱን። ከምሠራበት ቤተ መጻሕፍት ስወጣ ልብሴን ለውጬ እቀጥላለሁ። ከሚታየው ጀመርንና ለሦስት ቀን የበሮቹን ጠርዝ ፋቅን። ትንሽ ነቁጥ ትቼ ማለፍ አይሆንልኝም፤ የፈተና ወረቀት ሳርም የኖርኩ ነኝ።

«እታለም፣ እንዲህ ከቀጠልሽ በሩ ራሱ ወረቀት ይሆናል» ይለኛል ወንድሜ።

አራተኛው ቀን ሚካኤል ዋለ። ወንድሜ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ «ዛሬ መዶሻ አይነሳም» አለና ነጠላውን አጣጥፎ ገባ። እኔ ግን ቀኑ ዝም ብሎ ሲያልፍ ማየት ከበደኝ። አጥር የሚያዋስኑን ቄስ ደጃቸው ተቀምጠው ነበርና ጠየቅኳቸው።

«አባ፣ ዛሬ መፋቅ ይፈቀዳል?»

«የምን መፋቅ?»

«የመኪና ዝገት።»

«እሱ ሥራ ነው። አይሆንም።»

«መጥረግስ?»

«ቤትሽን ብትጠርጊ ማን ይከለክልሻል።» በአጥሩ ክፍተት መኪናዋን አዩዋት። «እሷም የቤት ያህል ቆማለች። ጥረጊያት።»

መጥረጊያ ይዤ ገባሁ። በደንብ ለመጥረግ ምንጣፉ መነሳት ነበረበት። ከፊተኞቹ ምንጣፎች ሥር ደረቅ አቧራና የጠፋ እርሳሴን አገኘሁ። የኋላው ቀኝም ደህና ነበር። ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ ያለውን ስጎትት ግን ከብዶ ተነሳ፤ ዝናብ ካቆመ ሳምንታት ቢያልፉም እርጥብ ነው። ከሥሩ ያለው ብረት እንደ ደረቀ ቂጣ እየተቀረፈ ነበር፤ በመሐሉ ቀዳዳ የግቢያችን ሣር ይታየኛል። ጣቴን እርጥቡ ላይ አሳረፍኩና ቀመስኩት።

ጨው ነው። እዚያው ተቀመጥኩ።

ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። እኩዮቼ ልጅ አዝለው ገበያ ሲወጡ እኔ አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶኝ አንደኛ ክፍል ገባሁ። ያስገባኝ ወንድሜ ነው፤ ሰው እንዳይስቅብኝ በዚችው መኪና በር ድረስ እያደረሰኝ። መምህርት ሆኜ የተመደብኩትም ከጉና ሥር፣ እናታችን ቤት አጠገብ ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ እሁድ እሁድ ወደዚያ ያወጣኝ ነበር። ትምህርት ቤቱ መጻሕፍት ስላልነበሩት ካገኘሁበት እየሰበሰብኩ በካርቶን እወስዳለሁ። ወንድሜ ደግሞ ለእናታችን ከብቶች የሚላስ ጨው ከይፋግ ገበያ በጆንያ ገዝቶ ይጭናል። መጀመሪያ ሁለቱም የኋላው ኮፈን ውስጥ ነበሩ። አንድ እሁድ የአንዱ ካርቶን ሥር ርሶ አገኘሁና ተቆጣሁ። ጨው እርጥበት ይስባል፤ ጨውና ወረቀት አብረው አይቀመጡም አልኩ።

«ታዲያ ጨውን የት ላድርገው?»

«ከወንበርህ ጀርባ፣ ወለሉ ላይ።»

ክረምት ከበጋ እዚያው ኖረ። እኔ ወደ ከተማው ቤተ መጻሕፍት ከተዛወርኩ በኋላም ቦታው የጨው ሆኖ ቀረ።

ወንድሜ ሲመጣ ምንጣፉን እንደያዝኩ አገኘኝ።

«ጨው ነው» አልኩት።

«ነው።»

«ታውቅ ነበር?»

«እንዲህ መብሳቱን አላወቅሁም። ጨው ብረት እንደሚበላ ግን የማያውቅ ሾፌር አለ?»

«ታዲያ ያኔ ለምን ዝም አልክ?»

«መጽሐፍ ሲረጥብብሽ እህል አትቀምሺም ነበር።» ምንጣፉን ከእጄ ወስዶ አጥሩ ላይ አሰጣው። «ወለል ይበየዳል፣ እታለም። የራሰ መጽሐፍ በምን ይበየዳል?»

  መጥረጊያዬን አንስቼ የቀረውን ጠረግሁ።

በማግሥቱ በያጁ ማሽኑን በባጃጅ ጭኖ መጣ። እኔ ደህናው ብረት እስከሚጀምርበት በጠመኔ አስምሬ፣ ልኩን በካርቶን ቆርጬ ጠብቄዋለሁ።

«መምህርት፣ ይሄ ደብተር መሰለሽ? ቀዳዳውን ብቻ ልድፈነው።»

«መስመሩ ላይ ቁረጥ።»

«መስመርሽ እኮ ደህናውን ይዞ ነው የሚሄደው።»

«ደህና ከመሰለህ በመዶሻ ንካው።»

ነካው። መዶሻው ሰርጎ ገባ። ከዚያ ወዲያ መስመሩን ተከተለ። አዲሱን ላሜራ በካርቶኑ ልክ ቆርጦ ሲያስቀምጠው ያለ መዶሻ ገጠመ፤ ቀና ብሎ ወንድሜን አየው። ወንድሜ በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ። የዝገት መከላከያውን ቀለም ሁለት ጊዜ ቀባሁ፤ «አንዴ ይበቃል» ያሉኝን አልሰማሁም።

ለምርመራ ስናቀርባት ያገኘነው ያው ያምናው ሰው ነበር። ምንጣፉን ራሴ ገለጥኩለት። ወለሉን በካቻቢቴ እጀታ መታ መታ አደረገ፤ ድምፁ ጥብቅ ነው። አንድ የኋላ መብራት አልበራ ብሎ አምፖል አስቀየረን፤ ከዚያ ቦሎውን ሰጠን።

«ማን ሠራው አባት?»

«እኔ መዶሻ ነው የያዝኩት» አለ ወንድሜ።

በዚያው ሳምንት እናታችንን ልናመጣ ሄድን። ጨው ክዳን ባለው ባልዲ ሆኖ በኋላው ኮፈን ተጭኖ ወጣ። ስንመለስ እናታችን እንደ ሁልጊዜዋ ከሾፌሩ ጀርባ ተቀመጠችና እግሯን በጋቢ ጠቀለለች። እኛ ሕመሟ ነው ብለን ነበር፤ ለሐኪሙ በያዝኩት ዝርዝር ላይም «እግሯን ይበርዳታል» ብዬ ጽፌ ነበር። ቁልቁለቱን ጨርሰን አስፋልቱ ላይ ስንደርስ ጋቢውን ፈታችው።

«ዛሬ ከታች ነፋስ የለም» አለች።

«እማዬ፣ እስከ ዛሬ ነፋስ ይገባ ነበር?»

«ይገባ ነበር እንጂ።»

«ምነው ሳትነግሪን?»

«ደጄ ድረስ ለሚመጣልኝ ልጅ፣ ነፋስ ገባብኝ እለዋለሁ?»

ወንድሜ መስታወቱን አስተካከለ። እኔ ጋቢውን አጣጥፌ ጭኔ ላይ አደረግሁና ለሐኪሙ ከጻፍኩት ዝርዝር ላይ የእግሯን ብርድ ሰረዝኩት።