ከድልድዩ ማዶ የተለቀሰ ለቅሶ

በደርግ ጊዜ ከወረታ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ጣሊያን የሠራው አንድ ያረጀ ድልድይ ላይ ተራ አስከባሪ ነበርሁ። በእኔ እርምጃ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስልሳ አራት ነው። ወደ ሰሜን የሚያልፈው የጦር መኪና ብዛት ወገቡን ጎድቶት መሐሉ ላይ ተሰንጥቆ ነበር። ሥራ ስጀምር ስንጥቁ የክብሪት እንጨት አያስገባም፤ በሁለተኛው ክረምት እርሳስ ያስገባ ጀመር። በየጠዋቱ እየለካሁ በደብተሬ እጽፍ ነበር። ማንም አላዘዘኝም።

የታዘዝሁት ሌላ ነው፦ ተሳፋሪ ሁሉ ወርዶ በእግሩ ይሻገር፣ መኪናው ባዶውን በዝግታ ይከተል። ቀዩን ጨርቅ ሳነሣ ይቆማሉ፣ ሳወርድ ያልፋሉ። ነፍሰ ጡርም ወርዳለች፣ ካድሬም ወርዷል።

አንድ ረፋድ ሰው የጫነ የጭነት መኪና መጥቶ ቆመ። ሾፌሩ የማውቀው ቀልደኛ ነው።

«ጓድ ቀይ ጨርቅ! ዛሬ የጫንሁት ያንተን አባት ነው። በል አውርደውና ልለፍ!»

ዘልዬ ወጣሁ። አባቴ ጭድ ላይ ተኝተዋል፤ ሆዳቸው ተነፍቷል፣ እግራቸው አብጧል። ታላቅ ወንድሜ ከሐይቁ ዳር ካለው መንደራችን ወደ ባሕር ዳር ሆስፒታል ይዟቸው መነሣቱ ነው። ሐኪም ቶሎ ካያቸው ይድናሉ ብሎ የጤና ጣቢያው ድሬሰር ነግሮታል።

«ሌላው ይውረድ፣ እሳቸው ይቅሩ» አለ ሾፌሩ። «አንድ ሽማግሌ ምን ያህል ይከብዳል?»

ያን ጠዋት እርሳሱ ያለ ችግር ገብቶ ነበር። «ይወርዳሉ» አልሁ።

«አንተስ ከዚህ ድልድይ ጋር ቆርበሃል!»

አባቴ ዓይናቸውን ገለጡ። «ተወው። የሰው አባት ሲያወርድ ከርሞ የራሱን ሊያሳልፍ ነው?»

ከሁለት አጠናና ከገመድ ቃሬዛ አበጀን። አራት ሆነን ተሸከምን፤ እኔ ከፊት ነበርሁ። ፀሐይዋ በርትታለችና ምች እንዳይመታቸው ጋቢያቸውን ወደ ላይ ሳብሁት። ነፋሱ እየገለጠ ሲያስቸግረኝ ፊታቸውን ሸፍኜ ጫፉን ከራሳቸው ሥር ወተፍሁት። እርምጃዬን እየቆጠርሁ ሄድሁ። ስንጥቁ ዘንድ ስንደርስ «ቀስ» አልሁ፤ ተሻገርን። ድልድዩ ቻለን።

ማዶ ገበያተኞች ተራቸውን ይጠብቁ ነበር። ፊቱ የተሸፈነ ሰው በቃሬዛ ሲመጣ ሲያዩ ወንዶቹ ከተቀመጡበት ተነሡ። አንዲት ሴት ቅርጫቷን አስቀምጣ «ወይኔ! የማን ቤት ፈረሰ?» ብላ ደረቷን መታች። ሌሎቹም ለቅሶውን ተቀበሏት። በእኛ አገር ሬሳ በመንገድ ያገኘ ሰው የማንም ይሁን ሳያለቅስ አያልፍም።

«አልሞቱም! ኧረ አልሞቱም!» ብዬ ጮህሁ። እጄ ግን ቃሬዛው ላይ ነው። አስቀምጠን ጋቢውን ስገልጠው የአባቴ ዓይን ተከፍቶ ነበር። ሁሉንም ሰምተዋል።

ሴትዮዋ አፏን ያዘች። «ይቅር ይበሉኝ አባቴ፣ አፈር ልሁንልዎ።»

«ምንም አይደል ልጄ፤ ደኅና አድርገሽ አለቀስሽልኝ» አሏት። ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞሩ። «በሉ መልሱኝ። የተለቀሰለት ሰው ሐኪም ቤት ምን ይሠራል?»

ለመንናቸው። መኪናውን አሻግሮ የደረሰው ሾፌርም ቀልዱ ጠፍቶ እግራቸው ሥር ተንበረከከ። «አባባ፣ በቁሙ የተለቀሰለት ዕድሜው ይረዝማል።»

«የእኔ ረዝሟል» አሉት።

መኪናው ተሳፋሪውን ይዞ ሄደ። አባቴን ገበያተኞቹ አግዘውን መልሰን ተሸከምናቸው። አሁን ፊታቸውን አልሸፈንሁም። መሐል ስንደርስ አንገታቸውን አዘነበሉ።

«የምትለካው ይህን ነው?»

«አዎን፣ አባቴ።»

«ጠባብ ነው» አሉ።

በሳምንቱ አረፉ። ዘመዶቼ ሊያጽናኑኝ ሲመጡ፣ ከመኪና ማውረድህ ግዴታህ ነው፣ አትጸጸት አሉኝ። እኔም በማውረዴ አልተጸጸትሁም። ፊታቸውን እንድሸፍን ግን ማንም አላዘዘኝም።

ከአርባቸው በኋላ ወደ ሥራዬ ተመለስሁ። ደብተሩን አልቀጠልሁበትም። በቃሬዛ የሚመጣ በሽተኛ ሲኖር ግን ፊቱን በእጄ እገልጥለትና ስልሳ አራቱን እርምጃ አብሬው እሄዳለሁ፤ ፀሐዩን በቀዩ ጨርቅ እየከለልሁለት።