ጃንጥላ ሻጩ አቶ ወልዴ እና ያልሸጥሁት ቦንድ

የአራዳው ጃንጥላ ሻጭና የእቁባችን ዳኛ አቶ ወልዴ በርጋ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩን። ከጊዮርጊስ እስከ ምኒልክ አደባባይ ያለን ወዳጆቻቸው ወሬውን ለማመን ተቸግረን እየተጠራራን ሱቃቸው ደጃፍ ተሰበሰብን። እርሳቸው ቢያዩን ኖሮ «ካልገዛችሁ መንገዱን ልቀቁ» ይሉን ነበር። ስለዚህ እኔ ልብስ ሰፊው ታደሰ፣ እንደ ለመድነው እየሳቅሁ ላስታውሳቸው።

አቶ ወልዴ በበጋ ጃንጥላ የሚሸጡ ሰው ነበሩ። ደንበኛው ሽቅብ ሰማዩን አይቶ ሲያመነታ «ዛሬ ግዛኝ፤ ሐምሌ ላይ ስትመጣ እኮራብሃለሁ» ይሉታል። ከአምስት ኪሎ የተሰበረ ጃንጥላ ይዛ ለምትመጣ ተማሪ ግን በነፃ ጠግነው «ክፍያዬ ፈተናሽን ማለፍሽ ነው» ብለው ይሸኟታል። ፈተናው ካለፈ በኋላ ውጤቷን ሳይጠይቁ የቀሩበትን ጊዜ አላስታውስም።

እኔ ከሁሉ የማልረሳው ከጥቂት ዓመታት በፊት የሆነውን ነው። ያጠራቀምሁትን አብዛኛውን ገንዘብ የመንግሥት ቦንድ ገዝቼበት ነበር። በየዓመቱ ወለድ ይከፈለኛል፤ ቀኑ ሲደርስ ደግሞ ዋናው ሙሉውን ይመለስልኛል። መስከረም እንደ ጠባ ሱቄን ያከራዩኝ ሰው ቤቱን ሊሸጡ ተነሡ። «ከመስቀል በፊት ከገዛኸው ያንተ ነው፤ አለዚያ ልቀቅ» አሉኝ። ቦንዴን ይዤ ቦንድ እየገዛ ወደሚሸጥ አንድ ነጋዴ ሮጥሁ። ነጋዴው አገላብጦ አየና ከገዛሁበት በጣም ያነሰ ዋጋ ጠራልኝ። ለካ ማዕከላዊው ባንክ ወለድ ጨምሮ ኖሯል፤ አዲሱ ቦንድ ከእኔ የተሻለ ይከፍላል፤ የእኔን አሮጌ ማን በሙሉ ዋጋ ይግዛው?

እሑድ እቁብ ስገባ ንዴቴ አልበረደም። «ወረቀቴ ሞተ» አልሁ። ቦንድ ያላቸው ሌሎቹም ደንግጠው ነገውኑ ካልሸጥን አሉ። አቶ ወልዴ ዕጣው ያለበትን ቆርቆሮ ገፋ አድርገው ወደ እኔ ዞሩ።

«ታደሰ፣ በሁዳዴ ዕጣ የወጣለትን ሰው ተራውን ብትገዛው ምን ያህል ትጨምርለታለህ?»

«ኧረ ምንም። በሁዳዴ ማን ይቸኩላል?»

«ለመስቀልስ?»

ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ለመስቀል አገሩ የሚገባ ሰው ባዶ እጁን አይገባም፤ ገንዘብ ዛሬ እጁ እንዲገባለት የተጠየቀውን ጭማሪ ይከፍላል።

«እንግዲህ ባንኩ ወለድ ሲጨምር አገሩን በሙሉ መስቀል አደረገው በለው። የዛሬ ብር ተወደደ፤ ከዓመታት በኋላ የሚመጣው ያንተ ብር ረከሰ። ወረቀትህ አልሞተም፤ ቀኑን ከጠበቅህ ሙሉውን ትቀበላለህ። ዛሬ ከሸጥኸው ግን የችኮላህን ትከፍላለህ።»

«እኔስ እጠብቅ ነበር ጋሼ፤ ሱቄ ነው የማይጠብቀኝ» አልሁ። 

ዕጣው ሲወጣ የደረሰው ለእርሳቸው ነበር። ተራቸውን በጭማሪ ለመግዛት ያላሰፈሰፈ አልነበረም። እርሳቸው ግን ገንዘቡን ወደ እኔ ገፉት።

«ያለ ጭማሪ ውሰድ። ያንተ ተራ ሲደርስ እኔ እወስዳለሁ።»

«ለመስቀል አገርዎ አይገቡም እንዴ ጋሼ?»

«ገና ዝናቡ አልወጣም። ጃንጥላዬን ለማን ጥዬ ልሂድ?»

በመስኮቱ የሚታየው ሰማይ ጥርት ያለ ነበር። በእጄ ያለውን ጨምሬ ሱቁን ገዛሁ፤ ቦንዱም እጄ ላይ ቀረ። ከሁለት ዓመት በኋላ ባንኩ ወለዱን ሲቀንስ ያው ነጋዴ በእግሩ መጥቶ ከገዛሁበት አስበልጦ ጠየቀኝ፤ የእኔ ወለድ ከአዲሶቹ በልጦ ነበርና። ለአቶ ወልዴ ስነግራቸው «ሁዳዴ ገባ በለኛ» ብለው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። አልሸጥሁም። አምና ቀኑ ደርሶ ሙሉውን ተቀበልሁ።

ጋሼ ወልዴ፣ ትናንት ለቅሶ ቤት ከእህትዎ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ያ መስቀል የእናትዎ የመጨረሻ መስቀል እንደ ነበረ፣ ቀኑን ሙሉ በር በሩን ሲያዩ እንደ ዋሉ የነገሩኝ እርሳቸው ናቸው። እርስዎ በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ትንፍሽ አላሉም። ዘንድሮ ለመስቀል ከእህትዎ ጋር አገርዎ እገባለሁ፤ እናትዎ መቃብር አጠገብ ቆሜ ያን ዓመት ለምን እንደ ቀሩ እነግራቸዋለሁ። እርስዎ በሰላም ይረፉ። የልብስ ስፌት ሱቄ እስክመለስ ተዘግቶ ይቆያል፤ የቸኮለ ደንበኛ ካለ ይጠብቅ።