ከግድግዳው ማዶ ያገኘሁት ባንድ

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው የተጀመረው። እማዬ ስልኳን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፋ፣ ሻሿን አጥብቃ፣ ለጸሎት ዓይኗን ከመጨፈኗ የሳሎናችን ግድግዳ ነጎደ። መጀመሪያ ከበሮ፣ ቀጥሎ ጊታር፣ ከዚያ ሁለቱም አንድ ላይ። መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ተንጫጩ። እማዬ አንድ ዓይኗን ገልጣ አየችኝ፤ ግድግዳውን የምደበድበው እኔ የሆንኩ ይመስል።

ከከተማው መሃል አጠገብ ካለው ከጀፕስታውን ትንሽ ከፍ ብሎ ባለው ሰፈራችን አሮጌዎቹ ቤቶች መንታ ሆነው ነው የተሠሩት፤ አንድ ጣሪያ፣ አንድ የመሃል ግድግዳ፣ ሁለት በር። በግራው እኛ ነን። በቀኙ የወረርሽኙ ሎክዳውን፣ ከቤት አትውጡ የሚለው አዋጅ፣ ሊጀመር ሰሞን አራት ወጣቶች ገቡበት። ዕቃቸውን ሲያወርዱ ከመጋረጃ ኋላ ሆነን አይተናል። ፍራሹ ትንሽ ነው፤ የቀረው ሁሉ ጥቁር ጥቁር ሣጥን። እማዬ ሣጥኖቹን አይታ ነጋዴዎች ናቸው አለች፤ ደስም አላት።

በዚያ ጊዜ ቤት ውስጥ የነበርነው እኔና እሷ ብቻ ነን። አባዬ ከከተማው ዳር ዛንድስፕሩት የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ እዚህ ስፓዛ የሚሉት ትንሽ የሰፈር ሱቅ አለው። ምግብ የሚሸጡ ሱቆች እንዲከፍቱ ስለተፈቀደና መንገዱም አስቸጋሪ ስለሆነ እዚያው ከሱቁ ጀርባ ያድር ነበር። እማዬ ከተማ ውስጥ መጋረጃና አንሶላ የምትሸጥበት ቦታ ተዘግቷል። እኔ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበርኩ፤ ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ትምህርቱ ወደ መኝታ ቤቴ መጥቷል። ቤተ ክርስቲያናችንም ተዘግቶ የረቡዕ ጸሎት ወደ ስልክ ገባ።

ይህን የስልክ ጸሎት ላላየ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። መስመሩን የሚመሩት ክሊፕታውን የሚባል ሰፈር ሱቅ ያላቸው አንድ ሽማግሌ ናቸው። አብዛኛው ምእመን ከሀገር ቤት፣ ከደቡብ የመጣ ባለሱቅ ነው፤ ከሆሳዕና፣ ከዱራሜ፣ ከሶዶ፤ መግባቢያችን አማርኛ ነው። ሁሉም ከየሱቁ ይገባል። ሽማግሌው ሁልጊዜ ሲጀምሩ፣ እባካችሁ የማትናገሩ ድምፃችሁን ዝጉ ይላሉ። ማንም አይዘጋም። ድምፁን የዘጋ ሰው አሜን ቢል አይሰማለትም፤ አሜን የማይሰማበት ጸሎት ደግሞ ለእኛ ሰዎች ጸሎት አይደለም። ስለዚህ ከጸሎቱ ጋር የሳንቲም ቅጭልጭታ፣ የማቀዝቀዣ ጩኸት፣ "ማይ ፍሬንድ፣ ዳቦ አለ?" የሚል ደንበኛ፣ የሕፃን ልቅሶ፣ ሁሉም አብሮ ይሰማል።

እሱን ለምደነዋል። ያልተለመደው መዝሙሩ ነው። አንዱ ሲጀምር ድምፁ ለሌላው ዘግይቶ ይደርሳል። ተቀባዮቹ መሪውን ይጠብቃሉ፣ መሪው ተቀባዮቹን ይጠብቃል። ሁሉም ጨዋ ሆኖ እርስ በርስ ሲጠባበቅ መዝሙሩ እየተጎተተ፣ እየተጎተተ ሄዶ ሳያልቅ ይሞታል። ሽማግሌው፣ ጌታ ልባችንን አይቷል ብለው ወደ ጸሎቱ ይመለሳሉ። እማዬ በእነዚህ ጊዜያት ዓይኗ እንባ ያቀርራል። ለእሷ ረቡዕ ማለት መዝሙር ነበር።

እንግዲህ በዚህ ላይ ነው ግድግዳው የነጎደው።

"ሂጂና ንገሪያቸው" አለችኝ ስልኩን በእጇ ሸፍና። "ጸሎት ላይ ነን በያቸው።"

የቤቱ እንግሊዝኛ እኔ ነኝ። ክሊኒክ የምደውለው፣ ስለ መኖሪያ ፈቃድ ወረቀት የምከራከረው፣ ለቤት አከራያችን የምናገረው እኔ ነኝ። የእማዬ ዙሉ ሰላምታና ዋጋ ላይ ያበቃል። ችግሩ ይህ ኃላፊነት የወደቀው፣ ታክሲ ውስጥ የሚወርድበት ፌርማታ ካለፈ በኋላ እንኳ ወራጅ አለ ለማለት የሚያፍር ሰው ላይ መሆኑ ነው።

ማስኬን አድርጌ ወጣሁ። የብረት በራቸውን አንኳኳሁ። በዚያ ከበሮ መሃል የእኔን ጣት ማን ይሰማል? ቆምኩ። ውስጥ ዘፈኑ እንደሚሮጥ ሰው ሽቅብ ሄዶ ድንገት ቆመ። አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያው ከቆመበት ጀመሩት፤ አሁንም እዚያው ላይ ወደቀ። በሦስተኛው ግን አለፉት፤ ያቺን የከበደቻቸውን ቦታ ተሻግረው ማዶ ወጡ። እኔም በሩን ይዤ አብሬ የተሻገርኩ መሰለኝ። ሮክ ሙዚቃ በሕይወቴ ፈልጌ ሰምቼ አላውቅም፤ እንደዚያ ያለ ነገር መሆኑን ማንም አልነገረኝም።

ስመለስ ጸሎቱ አልቋል። አንኳኩቼ አልሰሙኝም አልኳት።

"ይሄን ሁሉ ጊዜ ስታንኳኪ ነው የቆየሽው?"

"አዎ።"

"እጅሽን አሳዪኝ እስቲ፣ አልቆሰለም?"

በነጋታው የጥናት ጠረጴዛዬን ወደ መሃሉ ግድግዳ አስጠጋሁ። በዚያ በኩል ብርሃን ይሻላል አልኩ፤ እውነት ነው፣ ትንሽ ይሻላል።

አሁን የዚህ ባንድ ወዳጆች ስንገናኝ ሁልጊዜ የሚነሳ ጨዋታ አለ፤ መጀመሪያ እንዴት አገኘኻቸው፣ እንዴት አገኘሻቸው የሚል። አንዱ የወንድሙ ስልክ ላይ ሰማ። አንዷን የወንድ ጓደኛዋ ወሰዳት፤ ወንድየው ሄደ፣ ባንዱ ቀረላት። ሁሉም ያለቀለትን ዘፈን ነው የሰሙት። እኔ ግን ዘፈኑ ሲሠራ ነው የሰማሁት። አንዲት ስንኝ ቀኑን ሙሉ ስትደጋገም፣ ስትጣል፣ በሌላ ዜማ ስትመለስ። የዘፈኖቹን ርእስ ስለማላውቅ ለራሴ ስም አወጣሁላቸው፤ "የደረጃዋ"፣ "የተናደደው"፣ "ዝናብ መጣ"። ስለ ከተማ አውራ መንገዶች የሚያወራ የመመረቂያ ጽሑፌን የጻፍኩት "የደረጃዋን" እየሰማሁ ነው። ሲጣሉም እሰማለሁ፤ ዘፋኙ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ከበሮ መቺዋ አንድ ጊዜ ትመታለች፣ ያልቃል። አዎ፣ ከበሮ መቺዋ ሴት ናት። አጭር፣ ፀጉሯን ብርቱካናማ የቀባች። ብርድ ልብስ አጥሩ ላይ ስታሰጣ እማዬን በዙሉ "ሳኒቦናኒ" ብላ ሰላም ትላታለች፣ እማዬም "ዬቦ" ትላታለች። እማዬ ያን የሚያህል ድምፅ ከዚህች ልጅ ይወጣል ብላ አልጠረጠረችም።

በሙዚቃቸው ላይ ግን አንድ ቀን ሳታወላውል ፈረደችበት። "ይሄ ዘፈን አይደለም፤ ጠብ ነው።"

ረቡዕ አልፎ ረቡዕ ሲመጣ እነሱም ዘጠኝ ሰዓት ላይ አልቀሩም። የሁለቱም ቤት ባለቤት አንድ በዕድሜ የገፉ ፖርቱጋላዊ ናቸው። ልጆቹ ሲገቡ፣ ከበሮው ካስቸገራችሁ ደውሉልኝ፣ ሌላ ቦታ እንዲወስዱት አደርጋለሁ ብለውናል። ሌላ ቦታ ደግሞ በዚያ ጊዜ የለም። አዳራሹም፣ ቡና ቤቱም፣ ትምህርት ቤቱም ዝግ ነው። አንዲት የስልክ ጥሪ ባንዱን ትበትነዋለች፤ የስልኩ እንግሊዝኛ ደግሞ እኔ ነኝ።

አንድ ረቡዕ ጠዋት እማዬ ሻይዋን አስቀምጣ ቆረጠች። "ዛሬ በጸሎት ሰዓት ከነኩት፣ ነገ ጠዋት ለሰውየው ትደውይለታለሽ።"

እሺ አልኩ። በቤታችን እናት እንዲህ ስትል ሌላ መልስ የለም። ወድጄዋለሁ ማለትም አልቻልኩም፤ ጸሎት የሚረብሽን ነገር ወደድኩ ብሎ ለእናት እንዴት ይነገራል? ላስጠነቅቃቸው ወጣሁ። ጊታር ተጫዋቹ በረንዳቸው ላይ ተቀምጦ ነበር። ስለ ብርዱ አወራሁት። ዘንድሮ ይበረታል አልኩት፣ አዎ አለኝ፣ ገባሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ሽማግሌው ድምፃችሁን ዝጉ አሉ፣ ማንም አልዘጋም። ግድግዳው ነጎደ። እማዬ አላየችኝም፤ በከንፈሯ ብቻ "ነገ" አለች። እኔ እጆቼን አጣምሬ ተቀመጥኩ፤ ከጸለይኩ ስለ ምን እንደጸለይኩ ለሽማግሌው መናገር አልፈልግም።

ያኔ መብራት ሄደ። መብራት በየሰፈሩ በተራ የሚቋረጥበት፣ የሰዓቱ ሎድ ሸዲንግ ነበር። ማቀዝቀዣው ዝም አለ፤ ማዶም ጊታሩ መሃል ላይ ተቆርጦ ቀረ፣ ዘፋኙ የሆነ ነገር ተሳደበ። ከበሮ መብራት አይፈልግም። ልጅቷ ትንሽ ጠብቃ፣ ምን ላድርግ እንደሚል ሰው፣ ብቻዋን መምታት ቀጠለች፤ ቀስ ያለ፣ ጠንካራ፣ የማይዛነፍ ምት።

ሽማግሌው በዚሁ ቅጽበት በሀዲይሳ ቋንቋ መዝሙር አነሱ፤ እማዬ ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀውን። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ድምፃቸው ከምቱ ጋር ገጠመ። ሆን ብለው ይሁን አይሁን እንጃ። ተቀባዮቹ ገቡ። እንደ ወትሮው መጎተት ሊጀምር ነው ስል አልተጎተተም። ከበሮው ማንንም አይጠብቅማ። ከዛንድስፕሩት የዘገየው ሮጦ ይደርስበታል፤ ከክሊፕታውን የቀደመው ይመለስለታል። ሰው መጠባበቁን ትቶ አንድ ነገር ተከተለ። ሦስተኛው አዝማች አለፈ፤ አራተኛው አለፈ። ጭብጨባ ተሰማ። አንዲት ሴት እልል አለች። ከአባዬ ስልክ ደግሞ የአንድ ደንበኛ ድምፅ፣ በጠራ እንግሊዝኛ፣ "ማይ ፍሬንድ፣ ዳቦውን ተወውና ድምፁን ጨምረው" ሲል ሁላችንም ሰማነው። እማዬ ቆማ ነበር። መቼ እንደተነሳች አላየሁም።

መዝሙሩ እስከ መጨረሻው ተዘመረ።  ከዚያ ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "ከበሮው በማን ቤት ነው?" አሉ።

እማዬ ፊቷ ተለዋወጠ። እናቴ አትዋሽም።

"በእኛ በኩል ነው" አለች። "ጎረቤቶቻችን ናቸው።"

"አማኞች ናቸው?"

እማዬ ግድግዳውን አየችው። "ገና ናቸው" አለች።

"ጌታ ይባርካቸው። እህታችን፣ ለሚመጣው ረቡዕም ለምኚልን።" ከየሱቁ አሜን ተባለ፤ የአባዬ አሜን ከሁሉም ጮክ ያለ ነበር፣ ሳቅም ነበረበት።

ስልኩ ተዘግቶ እማዬ ብርጭቆ ማጠብ ጀመረች። የታጠበውን መልሳ አጠበች። ከዚያ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ "ገና ናቸው ማለት ውሸት ነው?" አለች።

"አይደለም እማዬ።"

"ያ ስልክ ይቅር። ነገ ጠዋት ሄደሽ ለምኛቸው። ከበሮውን ብቻ በያቸው፤ ያ የሚጮኸው አይጨመርበት።"

ደስታዬ ለትንሽ ጊዜ ነበር። ወዲያው የገባኝ ነገር፣ ለማላየው ሰው ስልክ መደወል እነሱ ፊት ቆሞ ከመለመን በብዙ ይቀል እንደነበር ነው።

በማግስቱ ጠዋት፣ እማዬ ሻዩን ሳታፈላ ማስኬን አደረግሁ። የምናገረውን በእንግሊዝኛ አዘጋጅቼ ነበር፤ ሰላምታ፣ ማንነቴ፣ ምክንያቱ። ስደርስ ከበሮ መቺዋ በሩ ላይ ብርድ ልብስ ተከናንባ ቆማለች። እኔን ስታይ ቀደመችኝ። ይቅርታ፣ እናውቃለን፣ ግድግዳው ስስ ነው፣ ሌላ ቦታ እየፈለግን ነው፣ የቤቱ ባለቤትም ገና ስንገባ ነግረውን ነበር አለችኝ።

የተዘጋጀው ሁሉ ጠፋኝ። "አትሂዱ" አልኩ።

 ቀስ በቀስ የቀረውን አወጣሁት፤ ጸሎቱን፣ መብራቱን፣ የሽማግሌውን ልመና። ስለ ዘግይቶ የሚደርሰው መዝሙር ስነግራት ራሷን ነቀነቀች፤ እነሱም ከሌላ ከተማ ካለ ጓደኛቸው ጋር በስልክ ሊለማመዱ ሞክረው እንደዚያው ሆኖባቸው ትተውታል። ከኋላዋ ጊታር ተጫዋቹ ጥርሱን እየፋቀ ብቅ አለ። ትናንት መብራት ሲሄድ የቆመው ዘፈን አዲስ ነው፣ ወደድሽው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። "የተናደደው?" አልኩት፤ እሱ ያወጣሁለትን ስም ስለማያውቅ ግራ ገባው፣ እሷ ግን ገብቷት ሳቀች።

ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀመጠችና ባዶ የቀለም ባልዲ ገልብጣ ጉልበቶቿ መሃል ያዘች። መዝሙሩ እንዴት ነው፣ ዝፈኚልኝ አለችኝ።

ብቻዬን ዘምሬ አላውቅም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ አፌን ነው የማንቀሳቅሰው። ሀዲይሳዬም ከአባዬና ከእማዬ ጨዋታ የለቀምኩት ቅንጥብጣቢ ነው። ማስኩ ረዳኝ፤ ከስሩ ማን ያየኛል? የብረት በሩን ይዤ፣ ዓይኔን ባልዲው ላይ ተክዬ ጀመርኩ። እሷ በሁለት ጣቷ ተከተለችኝ፣ ከዚያ በመዳፏ።

ሁለተኛው ስንኝ ላይ የእኛ ቤት መስኮት ተከፈተ።

"ተሳስተሻል" አለች እማዬ፣ ሻሿን ገና ሳታስር። "ቃሉ እንደሱ አይደለም።" ቃሉን ነገረችኝ። "ደግሞ ከፍ አድርጊው እንጂ፤ ልጅቷ ምን ሰምታ ትምታ?"

ጉሮሮዬን ጠረግሁና ከፍ አድርጌ ከመጀመሪያው ጀመርኩት።