ቦምቤይን ያየሁበት ቀን

ባለፈው እሑድ ከጸሎት በኋላ ታምራት በአጠገቤ አልፎ ሄደ፤ ሰላም አላለኝም። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው፤ ላስ ቬጋስ ውስጥ ሃያ ዓመት አብረን አርጅተናል። አልፈርድበትም። የሰጠኝን አደራ በልቻለሁ።

አደራው ይህ ነበር። ሳምራዊት የምትባል ልጅ እዚሁ የታመመ አባቷን ልታስታምም ከአዲስ አበባ ተነሣች፤ እሷ አየር ላይ ሳለች አባቷ ዐረፈ። ታምራት ደወለልኝ። "ዛሬ ኦፍ ነህ አይደል? ከኤርፖርት ፒክ አድርጋትና ስትሪፑን፣ የካዚኖዎቹን ጎዳና አሳያት። ትብላ፣ ትንሽ ትረፍ። ነገ ጠዋት ግሪን ቫሊ እኔ ቤት ተሰብስበን እናረዳታለን" አለኝ። እሺ አልኩ። ደግ ሐሳብ ነው፤ ሀገሬው ሁሉ የሚያደርገው ነው። እኔ ግን ኤርፖርቱ ፓርኪንግ ውስጥ፣ መኪናዬን እንኳ ሳላስነሣ ነገርኳት።

ለምን እንዲህ እንዳደረግሁ ለታምራት አላስረዳሁትም። ነገሩ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ቦታውም ሕንድ ነው።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ግርማ ዛሬ ሙምባይ በሚሏት በቦምቤይ ምሕንድስና ይማር ነበር። ኩላሊቱን ታመመና ሆስፒታል ገባ፤ "ከእናንተ አንድ ሰው አጠገቤ ቢኖር" ብሎ ጻፈልን። ቤተሰቡ ተሯሩጦ እኔን ላከ። ከጎረቤት የተዋስኩትን የጀርባ ቦርሳ አዝዬ ሄድኩ፤ ከሁለት ሸሚዝ በቀር ቦርሳውን የሞላው በሶና በርበሬ ነበር። ከሀገር ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው።

አውሮፕላኑ ጠዋት አረፈ። በሩ ሲከፈት፣ የፈላ ድስት ክዳን ሲነሣ እንደሚወጣው እንፋሎት፣ እርጥብ ሙቀት ፊቴን መታኝ። የዝናቡ ወራት ነበር። ደረጀና ሙላቱ የሚባሉ የግርማ ጓደኞች ተቀበሉኝ። አቅፈውኝ ሳይጨርሱ "ግርማስ?" አልኳቸው።

"ደህና ነው" አለ ደረጀ፣ ቦርሳዬን ከትከሻዬ እየተቀበለ። "ዛሬ ጠያቂ አያስገቡም። ነገ በጠዋት እንወስድሃለን። እስከዚያ ከተማውን እናሳይህ።"

አመንኩት። ደግሞስ ልቤ መቼ እዚያ ነበር? ከተማው ወስዶኛል። እስከዚያ ቀን ከመርካቶ የሚበልጥ ግርግር በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር፤ እዚህ ግን ሰው በባቡር በር ላይ በአንድ እጁ ተንጠልጥሎ በሌላው ጋዜጣ ያነባል። ባለ ሁለት ፎቅ ቀይ አውቶቡስ ላይ ወጥተን ከላይ ፊት ለፊት ተቀመጥን፤ ዝናቡ መስታወቱን ሲደበድበው እንደ ሕፃን ሳቅሁ። መንገድ ዳር ሸንኮራ በማሽን ጨምቀው ሎሚና ዝንጅብል ጨምረው ሰጡን፤ ሁለት ብርጭቆ ጠጣሁ። በዳቦ መሐል የተጠበሰ ድንችና ቃሪያ በላሁ፤ ቃሪያው ሲያስለቅሰኝ "እነዚህስ የእኛው ዘመዶች ናቸው" ብዬ ቀለድኩ። ደረጀ ፈገግ አለ። ሙላቱ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

ባሕር አይቼ አላውቅም ነበር። ከሰዓት በኋላ ወደ ባሕሩ ዳር ወሰዱኝ። ማዕበሉ ግንቡን እየዘለለ መንገደኛውን ያርሳል፤ ሰው እየሸሸ ይስቃል፤ እኔ ጫማዬ ውሃ እስኪሞላ አልሸሸሁም። "ግርማ ይህን ሁሉ እያየ ስለ ፈተና ብቻ ነው የሚጽፍልን፤ ነገ ነው የምቆጣው" አልኩ። ሙላቱ "መጣሁ" ብሎ ራቅ አለ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል፤ የባሕሩ ውሃ ገባብኝ አለ። ይህንንም አመንኩ። በሌላ ጊዜ እንዲህ በቀላሉ የምታለል ሰው አልነበርኩም፤ ያን ቀን ግን መታለሉን ወድጄው ነበር መሰለኝ።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ያደርኩበት ክፍል በር ተንኳኳ። በከተማው ያሉት ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች፣ አሥር ያህል ይሆናሉ፣ ተከታትለው ገቡና ግድግዳውን ይዘው ቆሙ። ተቀመጡ ቢባሉም አንድም የተቀመጠ የለም። የሀገሬ ልጅ ነኝና ማንም አፉን ሳይከፍት ገባኝ። ግርማ የሞተው እኔ መንገድ ላይ ሳለሁ ነው። እኔ በሸንኮራና በማዕበል ስፈነድቅ ስውል፣ ወንድሜ ሆስፒታሉ አስከሬን ክፍል ውስጥ ብቻውን ተኝቶ ነበር።

"እህል ሳትቀምስ እንዴት እንንገርህ" አለኝ ደረጀ እያለቀሰ። ከቀብሩ በኋላ ሳልሰናበተው ተመለስኩ። በሐዘኑ ብቻ ቢሆን ጊዜ ይሽረው ነበር፤ እኔን የበላኝ ግን ሳቄ ነው። ወንድሜ ሞቶ የሳቅሁትን ሳቅ ያዘጋጀልኝ ደረጀ ነው ብዬ ቂም ያዝኩበት። ሕንድን የሚያውቅ ሰው ሲገጥመኝና ስለ ቦምቤይ ሲያነሣ ወሬ እቀይራለሁ።

ስለዚህ ሳምራዊት ቦርሳዋን አዝላ ወጥታ "ጋሼ፣ አባዬ እንዴት ነው?" ስትለኝ፣ ደህና ነው ማለት አቃተኝ። መኪናው ድረስ ወስጄ እንዳስቀመጥኳት ነገርኳት። ጮኸች፤ ደረቷን መታች፤ ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ቢያንስ እውነቱን ሰጠኋት እያልኩ ነበር የምነዳው። ሜሪላንድ ፓርክዌይ ላይ ቀይ መብራት ይዞን ሳለ፣ ፊቷን ከመስኮቱ ሳትመልስ ተናገረች።

"ጋሼ፣ እስከ ነገ ቢያቆዩኝ ምን ነበረበት? እስከ ነገ አባት ይኖረኝ ነበር።"

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላዬ ክላክስ እስኪነፉብኝ ድረስ አልተንቀሳቀስኩም።

ይህን ሁሉ ዓመት ደረጀ አንድ ቀን ቀማኝ እያልኩ ኖሬአለሁ። በዚያች ሌሊት ግን ወንድም ያለኝ ሰው ሆኜ ነው የተኛሁት፤ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም። ይህንን ልነግረው ብፈልግም ደረጀ የት እንዳለ፣ በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም። ልጅቷ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስታየኝ አንገቷን ደፍታ ታልፋለች። ይቅርታ እንዳልላት፣ የወሰድኩባት ነገር የሚመለስ አይደለም።