የዕቃ ማጠቢያው ማሽንና የአባቴ ማንኪያዎች

መስቀል ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ታናሽ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ለእናታችን የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ላከላት። ቡታጅራ፣ በእኛ ሰፈር፣ እንዲህ ያለ ዕቃ ታይቶ አይታወቅም። ጎረቤቱ ሁሉ "ልጅስ እንዲህ ነው!" እያለ ሊያይ ጎረፈ። የመብራትና የቧንቧ ሠራተኛው እኔ ነኝና፣ ግጠመው ተባልኩ።

እውነቱን ልናገር፣ ቅናት አንጨረጨረኝ። እማዬን ሐኪም ቤት የምወስዳት እኔ፣ ጣሪያው ሲያፈስ የምወጣው እኔ፣ ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን የምሸከመው እኔ! እሱ በዓመት አንዴ ብቅ ይላል፣ ምርቃቱን አፍሶ ይሄዳል። አጠገብ ያለ ጠበል ልጥ ይነከርበታል የተባለው ለእኔ ነው።

ሥራዬን ግን አላበላሸሁም። ከቆጣሪው አጠገብ ካለው ሳጥን ለብቻው ወፍራም መስመር ሳብኩለት፣ የራሱን ብሬከር ሰጠሁት፣ የመሬት ሽቦውን አጥብቄ አሰርኩ። ከቀዝቃዛው ቧንቧ ቅርንጫፍ አወጣሁና ጎማውን ገጠምኩ። እማዬ በርጩማ ላይ ተቀምጣ "ልጄን ዕድሜ ይስጥልኝ! እንዴት አስቦ!" ትላለች። ልጄ የምትለው እሱን ነው። እኔ ከእግሯ ሥር ተጋድሜ ላብ ያጠምቀኛል።

የሚያፈስ ካለ እንዲታይ ከሥሩ ደረቅ ካርቶን አነጠፍኩ። ባዶውን ላስነሳው ስል "ቆይ እንጂ፣ ባዶውን ምን ሊያጥብ ነው?" ብላ ከጓዳ የክትፎ ማንኪያዎቿን ይዛ መጣች። ነፍሱን ይማረውና አባታችን ለሠርጋቸው ከቀንድ ጠርቦ የሠራቸው ናቸው። ቀንድ የፈላ ውሃ ሲነካው ይጣመማል፤ እሷም ሁሌ በቀዝቃዛ ለቅለቅ አድርጋ ነው የምታስቀምጣቸው። ጎማውን በዓይኗ ተከተለችና ጠየቀችኝ።

"የሚገባው ቀዝቃዛው ውሃ ነው አይደል?"

"ቀዝቃዛው ነው እማዬ።"

አልዋሸሁም። የሚገባው ቀዝቃዛ ነው። ማሽኑ ውስጥ ገብቶ እንደሚፈላ ግን አውቃለሁ፤ ማሞቂያውን በቴስተር የለካሁት ራሴ ነኝ። አፌን ያዝኩና ቁልፉን ተጫንኩ። ይበለው አልኩ በሆዴ፤ የላከው ጉድ ምን እንደሚሠራ ትይለት!

ከአንድ ሰዓት በላይ ተንበርክኬ ካርቶኑን ስዳብስ ቆየሁ። ጠብ ያለ ነገር የለም። ሲያበቃ በሩን ስከፍተው እንፋሎቱ ፊታችንን ገረፈን። ማንኪያዎቹ እንደ ደረቀ የእንሰት ቅጠል ተጣምመዋል፣ አንዱማ ለሁለት ተሰንጥቋል። እማዬ አንድ በአንድ እያወጣች በነጠላዋ ጠረገቻቸው። አሁን ትጮሃለች፣ አሁን እሱን ትረግማለች ብዬ ስጠብቅ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ለወንድምህ እንዳትነግረው፣ ይከፋዋል" አለችኝ።

አሁንም እሱ! ደሜ ፈላ።

"እንደሚያፈላው አውቅ ነበር እኮ!" አልኳት። "ሆን ብዬ ነው ዝም ያልኩሽ።"

የተሰነጠቀውን ማንኪያ ለማጋጠም እየሞከረች ነበር። ቀና ብላ አየችኝ።

"ስለምታውቅ አይደል እንዴ የጠየቅሁህ?" አለች። "እኔ ሌላ ማንን እጠይቃለሁ?"