ድምፄ የጠፋበት ክረምት

ሆሳዕና መናኸሪያ ውስጥ ለአዲስ አበባ አውቶቡሶች መንገደኛ እየጠራሁ ነው የምተዳደረው። እንጀራዬ መጮህ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ጠዋት ግን አውቶቡሱ በር ላይ ቆሜ አፌን ብከፍት ድምፅ አልወጣ አለኝ። ጉሮሮዬን አላመመኝም። ድካም ብቻ ነበር፤ ብተኛም የማይለቀኝ ድካም።

ከዚያ ወዲያ ቤትም ዝም አልኩ። ባለቤቴ አትክልት ስትሸጥ ውላ ስትመለስ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ታገኘኛለች። አንድ ቀን ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ አጠገቤ ቁጭ አለች።

«ምን በድዬህ ነው? ንገረኝና ይውጣልኝ» አለችኝ።

«ምንም አልበደልሽኝም። ደክሞኝ ነው» አልኳት። ይህችን ለማለት ራሱ አቅም አጣሁ።

በማግስቱ እጄን ይዛ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። ነርሷ ስለ እንቅልፌና ስለ ምግቤ ስትጠይቀኝ የምትመልስልኝ ባለቤቴ ነበረች።

«ይሄ ስንፍና አይደለም፣ ጋሼ» አለችኝ ነርሷ በመጨረሻ። «ድባቴ የሚባል ሕመም ነው፤ ይታከማል።»

ባለቤቴ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። እኔ ለመደሰትም ጉልበት አልነበረኝም። ብቻ፣ ጥፋቱ የእሷ እንዳልሆነ ከሌላ ሰው አፍ መስማቷ ትንሽ ቀለል አደረገኝ።

አሁን መድኃኒት እወስዳለሁ፤ ወደ ሥራዬም ተመልሻለሁ። ደህና የምውልበት ቀን አለ። ሳይሆንልኝ ሲቀር ደግሞ አብሮን የሚሠራ አንድ ጫኝና አውራጅ ፊቴን አይቶ ይገባዋል። «አንተ አረፍ በል» ይለኝና መንገደኛውን እሱ ይጠራልኛል።