ግድግዳው ማንን ይወዳል?

ፊደል የቆጠርኩት ካደግኩ በኋላ ነው፤ እጄም ከብዕር ጋር ገና አልተላመደም። እንዲህ ሆኜ ስለ ተማረ ሰው ልጽፍ መነሳቴ ድፍረት ነውና ይቅር በሉኝ። የምጽፈው ስለ እህቴ ልጅ፣ ስለ ሚጢ ነው። "እኔ" እያልኩ ስጽፍ ግን አፍራለሁ፤ ስለዚህ ራሴንም "አክስቷ" እያልኩ አልፋለሁ።

ሚጢ ኢንጂነር ናት። ሥራዋ ቧንቧ ነው፤ እጇ ግን ብረት ነክቶ አያውቅም። ቧንቧውን ኮምፒውተር ውስጥ ትሠራና ውሃና ድፍድፍ ነዳጅ አብረው እንዲፈሱበት ታደርጋለች። ከማፍሰሷ በፊት ታዲያ ለኮምፒውተሩ አንድ ነገር መንገር አለባት፦ የቧንቧው ግድግዳ ማንን ይወዳል? ውሃን ከወደደ ውሃው ብረቱ ላይ ይለጠፍና በዝገት ይበላዋል። ነዳጁን ከወደደ ነዳጁ እንደ ልብስ ይሸፍነዋል፤ ውሃው በመሃል ያልፋል። ይህ የሚነገረው በቁጥር ነው፤ ጠብታ ግድግዳውን የምትነካበት ማዕዘን ይባላል፤ ማዕዘኑ በጠበበ ቁጥር ግድግዳው ጠብታዋን ወዷታል ማለት ነው። የሚጢ ቧንቧ ውሃ ወዳድ ነበር፤ ላብራቶሪው ለክቶ ስልሳ ዲግሪ አለ፣ እሷም ስልሳ ብላ አስገባች።

አክስቷ ሚጢን ያሳደገቻት "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" እያለች ነው። ልጅቱም ላለመመንጠር ብላ ውሃ ልትጠጣ ስትነሳ እንኳ ኮምፒውተሯን ትዘጋለች።

አንድ ጊዜ አክስቷ ታመመችና ሚጢ ፈቃድ ወጣች። ሥራዋን የያዘላት አጠገቧ የሚቀመጠው ልጅ ነው፤ ሲራመድ ኮቴው ስለማይሰማ ቢሮው ሁሉ "ድመቱ" ይለዋል። የሁለቱም ኮንትራት ሊያልቅ ነው፤ የሚቀረው ቦታ ደግሞ አንድ ብቻ።

ስትመለስ አለቃዋ ፈገግ ብለው ተቀበሏት። "ሚጢ፣ ቧንቧሽ አኮራን! ነዳጁ ሸፍኖታል። ውስጡ የዝገት መከላከያ መቀባት አያስፈልገውም ብለን ነገ ለባለቤቶቹ እንነግራቸዋለን።"

ምስሉን አየችው። እውነትም ያምራል። ግን ውሃ የሚወድ ግድግዳ እንዴት ነዳጅ ይለብሳል? ቁጥሩን ከፈተች፤ ስልሳ። የራሷ ስልሳ። ቀና ብላ ድመቱን አየችው።

"አክስትሽ ተሻላቸው?" አለ ድመቱ።

"መታመሟን ማን ነገረህ?"

"አንቺው ነሻ!"

ቀኑን ሙሉ በጎሪጥ ስታየው ዋለች።

ማታ ለአክስቷ ሁሉን ዘረገፈችላት። "ድመቱ የሌላ ቧንቧ ምስል አምጥቶ በእኔ ስም ለጥፎታል። ውሸቱ ሲወጣ የምባረረው እኔ ነኝ።"

"ብዬሽ ነበር!" አለች አክስቷ ድስት እያጠበች። "ኮቴው ከማይሰማ ሰው ጋር ምን አለሽ? ነገ ለአለቃሽ ንገሪና ይባረር!"

"ማስረጃ የለኝማ።"

"ድመት ወተት ሲጠጣ ማስረጃ ይሰጣል እንዴ? ጢሙን ነው የሚያዩት!"

ሚጢ ብርጭቆ ውስጥ ዘይት ቀዳች፤ የውሃ ጠብታ ጣለችበት።

"ምነው ዘይቴን! ልትጨርሺው ነው?"

ሚጢ ጎንበስ ብላ ጠብታዋ ብርጭቆው ላይ ያረፈችበትን ጠርዝ አየች። በውሃው በኩል ሲያዩት ማዕዘኑ ጠባብ ነው፤ በዘይቱ በኩል ሲያዩት ሰፊ። ጠርዙ አንድ፣ ማዕዘኑ ሁለት። ፕሮግራሙ ደግሞ የሚለካው መጀመሪያ በተጻፈው ፈሳሽ በኩል ነው። እሷ ያስቀደመችው ውሃን ነበር።

"ድመቱ ቁጥሩን አልነካም" አለች ቀስ ብላ። "የውሃውንና የነዳጁን ተራ ነው የነካው።"

"አየሽ! ሌባ ብቻ መስሎኝ፣ ለካ ብልጥ ሌባ ነው!"

በማግስቱ ጠዋት ሚጢ ማንም ሳይገባ ቢሮ ገብታ ፋይሉን ከፈተች። ነዳጅ ፊት፣ ውሃ ኋላ። ለአለቃዋ የምትለውን በአፏ ስታላምጥ ድመቱ ያለ ኮቴ ከኋላዋ ቆሞ ነበር።

"ተራውን ማን ቀየረው?" አለችው።

"እኔ። ስሌቱ እየተቋረጠ አስቸገረኝ፤ የሚበዛው ነዳጁ ስለሆነ እሱን አስቀደምኩት።"

"ማዕዘኑም አብሮ እንደሚዞር አታውቅም?"

አንገቱን አከከ። "አውቃለሁ፤ ከመቶ ሰማንያ ላይ ስልሳው ሲቀነስ መቶ ሃያ መሆን ነበረበት። ግን 'ቁጥሬን የነካ ወዮለት' ብለሽኝ ሄድሽ። ስትመጪ ልነግርሽ ስጠብቅ አለቃ ምስሉን አይተው ይዘውት ሮጡ። ትናንት ደግሞ ገና ስለ አክስትሽ ስጠይቅሽ በዓይንሽ በላሽኝ።"

እውነቱን ይሁን ተንኮሉን ፊቱ ላይ ፈለገችው። አልተነበበላትም። "ቁጥሬን የነካ ወዮለት" ማለቷን ግን ታስታውሳለች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዳይሆን ፈራች።

"ተቀመጥ" አለችው። "አንተ ጻፈው፣ እኔ ልይ።"

መቶ ሃያ ብሎ ሲጽፍ ከጣቱ ላይ ዓይኗን አልነቀለችም። ስሌቱ እንደገና ሄደ፤ ውሃው ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። የቧንቧው ባለቤቶች ከመምጣታቸው በፊት ድመቱን አስከትላ አለቃዋ ጋ ገባች።

"ያዩት ምስል ልክ አይደለም። ቧንቧው ውስጡ መቀባት አለበት። የተሳሳትነው ሁለታችን ነን።"

ከዚያ ወደ ቦታዋ ተመልሳ ትንሽ ተቀመጠች፤ ቀጥላም ኮምፒውተሯን ሳትዘጋ ውሃ ልትጠጣ ተነሳች። በሩ ጋ ስትደርስ ግን ዞር ብላ ድመቱን አየችው።